ድሃም መዝገብ ላይ አለ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው አንድ አንባቢያችሁ እንግሊዝ አገር ዘሩን የሚቆጥረው ባለርስቱና መኳንንቱ ብቻ ነው፣ ድሃውን ማን ይጽፈዋል ብለው ነበር። አልስማማም። ባለቤቴ የኖርፎክ ሰው ነው። አያት ቅድመ አያቶቹ በሰው እርሻ ላይ በቀን ሂሳብ ሲያርሱና ሲያጭዱ የኖሩ ናቸው። በእኔ በኩል አባቴ ሰባት ቤት በቃሉ ይቆጥራል፣ ልጆቻችን የአባታቸውን ወገን ሲጠይቁ ግን ወረቀት ማገላበጥ ግድ ሆነ። ወረቀቱም ሞልቷል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሕዝብ ቆጠራ መጀመር ይቀላል። የ1921ዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ከዚያ በየአሥር ዓመቱ ወደ ኋላ እስከ 1841 ይኬዳል። የ1841ዱን ዕድሜ ብዙ አትመኑት፣ አዋቂውን ሁሉ ወደ ታች በአምስት በአምስት ቆርጠውታል፤ የ39 ዓመቱ ሰውዬ 35 ሆኖ ቁጭ ይላል። የተወለደበት አጥቢያ 1851 ላይ ይገኛል። ከዚያ በፊት የቄሱ መዝገብ አለ፤ ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር በየአጥቢያው እንዲጻፍ የታዘዘው በ1538 ነው።

እኔን የገረመኝ ግን የድሃ ዕርዳታው ወረቀት ነው። ድሃን የሚረዳው የራሱ አጥቢያ ነበር፣ ገንዘቡም ከነዋሪው ኪስ ይወጣል። ስለዚህ ሥራ ፍለጋ መጥቶ የታመመ ወይም ልጅ የበዛበት ሰው ሲኖር፣ በ1662 የወጣውን ሕግ ይዘው ወጪውን ለሌላ አጥቢያ ለማስታቀፍ ዳኞች ፊት ያቆሙታል። የት ተወለድክ፣ ማን ቤት ተቀጠርክ፣ ስንት ጊዜ ቆየህ፣ ደመወዝህስ ስንት ነበር? መልሱ ሁሉ ይጻፋል። ያላገባ ሰው አንድ ዓመት ሙሉ ተቀጥሮ ካገለገለ የዚያ አጥቢያ ሰው ሆነ ማለት ነው፣ ታዲያ ይህን የነቃ ገበሬ ለ51 ሳምንት ብቻ ይቀጥራል! ሳታገባ ያረገዘችውም ልጅ የአባትየውን ስም በመሐላ ትጠየቃለች፤ ጥምቀት መዝገብ ላይ የሌለ አባት አንዳንዴ እዚያ ይገኛል። ንፉግነታቸው ነው ታሪኩን ያቆየልን። ማንንም ሳይለምን ጉልበቱን በልቶ ያለፈው ብዙ ጊዜ የሚቀርለት ተጠመቀ፣ አገባ፣ ተቀበረ ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሌላ ሰው ሠርቶ ያስቀመጠውን የዘር ሐረግ ግን እንዳለ አትቅዱ። አንድ መንደር ውስጥ ጆንና ዊሊያም መዓት ነው፣ የአባት ስሙንም ቄሱ እንደሰማው ነው የሚጽፈው። ያገኛችሁት ጆን በሕፃንነቱ ሞቶ እንዳይሆን መጀመሪያ የቀብር መዝገቡን እዩ። ስንቱ ነው የሞተ ሕፃን ቅድመ አያቴ ነው ብሎ የያዘው።

የመንደር ወረቀቶቹ በአብዛኛው በየካውንቲው ቤተ መዛግብት ነው ያሉት፣ የኖርፎኩ እዚህ ኖሪች ነው። አንባቢያችሁ ከፈለጉ መጥተው ይዩት።

አንዲት አንባቢያችሁ፣ ከኖሪች