የመላጣዋ ዶሮ አንገት ለምን ላባ አያበቅልም? አግዙን!

ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ የምንማር አራት ተማሪዎች ነን። ነገሩን ሳናሽሞነሙነው፣ ገንዘብ ልንጠይቃችሁ ነው የመጣነው።

መላጣ ዶሮ ታውቃላችሁ አይደል? አንገቷ ራቁቱን የሆነች፣ ገበያ ላይ ስንቱ አይቷት ፊቱን የሚያዞርባት። ሙቀት ግን በደንብ ትችላለች። የመመረቂያ ጥናታችን እሷ ናት። በ2011 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ የሚገኘው የሮስሊን ተቋም ተመራማሪዎች ምስጢሯን ደርሰውበታል፦ ከክሮሞሶም 1 (ክሮሞሶም ማለት ጂኖችን የተሸከመ ክር ነው) የመጣ ቁራጭ ክሮሞሶም 3 ላይ ተሰክቷል። እዚያ አካባቢ ያለው ቢኤምፒ12 የሚባል ጂን ራሱ ምንም አልሆነም፤ የተነካካው ማብሪያ ማጥፊያው ነው። እናም ጂኑ በሽሉ ቆዳ ላይ ከልክ በላይ እየሠራ «ላባ እንዳታበቅል» ይላል። ጀርባው ችላ ሲለው አንገቱ እሺ ይላል፣ ምክንያቱም አንገት ላይ ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ሬቲኖይክ አሲድ አለና ቆዳውን ለትእዛዙ ስስ ያደርገዋል። የኛ አገር መላጣዎችስ ነገራቸው ያው ነው? ማየት የፈለግነው እሱን ነው።

አንዴ ሞክረን ነበር። የሱቅ የፈረንጅ እንቁላል አውራ ዶሮ ስላላየው አይሆንም፣ ስለዚህ ከገጠር ዘመድ አስልከን መፈልፈያ ማሽን ውስጥ አስገባን። በአምስተኛው ቀን በስልክ መብራት ስናየው ደም ስሩ እንደ ሸረሪት ድር ተዘርግቶ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ትንቀሳቀሳለች፤ አንዷ ጓደኛችን ጮኸች። በዚያው ሌሊት መብራት ጠፋ። ማሽኑን በጋቢ ጠቀለልነው፣ ሙቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልተን ከጎኑ ደረደርን፣ አንድም አልተረፈም። የላባ ቡቃያ ሽሉ ጀርባ ላይ በመስመር ብቅ ብቅ የሚለው በሰባተኛው ቀን ግድም ነው። ሁለት ቀን ብቻ! ያናድዳል።

አሁን የጎደለን መብራት ሲጠፋ ማሽኑን የሚይዝ ባትሪ፣ አርኤንኤ (ጂን ሲሠራ የሚወጣው ቅጂ) ማውጫ ኪት፣ ፕራይመር (የምንፈልገውን ጂን ለይታ የምትይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) እና የፒሲአር (ጂንን አባዝቶ የማየት ዘዴ) ኢንዛይም ነው። የፒሲአር ማሽንና ማይክሮስኮፕ ትምህርት ክፍላችን አለው። ውጭ ያላችሁ፣ ፕራይመር ደርቆ ስለሚመጣ ሻንጣ ጥግ ይገባል፤ ኢንዛይሙ ግን በረዶ ስለሚፈልግ እዚሁ ካሉ አስመጪዎች ነው የምንገዛው። 50 ብርም ቢሆን አትናቁት፣ እኛ አንንቀውም። የእያንዳንዱን ግዢ ደረሰኝ ፎቶ አንስተን እንለጥፋለን። የአካውንት ቁጥር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን።

ዐቢይ ጾም ሲገባ እንቁላል ረከስ ስለሚል የምንጀምረው ያኔ ነው። ባትሪው እስከዚያ ቢደርስልን ጋቢያችንን ለብሰን እንተኛ ነበር።