የድጋፍ ጥሪ፦ የቀበሌያችን መረጃ ማዕከል ቤቱ ቆሟል፣ የቀረው ብርሃኑ ነው

በፒያሳ፣ በአራት ኪሎ፣ በካዛንቺስና በሜክሲኮ ለምትኖሩ የአገራችን ልጆች በሙሉ፤

ባለፈው ጊዜ የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ዕለት የአክስቴ ልጅ ከገጠር ደወለችልኝ። ውጤቱ በኢንተርኔት ይታያል፤ የእሷ ስልክ ደግሞ ከመደወል ሌላ ሥራ የለውም። አቀበቱን ወጥታ ኔትወርክ ከሚይዝበት ቋጥኝ ላይ ቆማ የመለያ ቁጥሯን አንድ በአንድ ስትነግረኝ፣ እኔ ፒያሳ አንድ ሻይ ቤት ተቀምጬ በደረሰኝ ጀርባ እጽፋለሁ። ሦስት አኃዝ ሲቀር ስልኳ ጠፋ። ባትሪው አልቆ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልፋቷን ውጤት የሰማችው በማግስቱ ነው፤ ያውም ገበያ ወርዳ፣ ገንዘብ ከፍላ ስልኳን ቻርጅ ካደረገች በኋላ።

ቀበሌያችን ያጣችው መረጃውን ሳይሆን መረጃው የሚገኝበትን ደጅ ነው። ገበሬ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ በ8028 ደውሎ በነፃ ምክር እንዲሰማ ተብሎ የስልክ አገልግሎት ተዘርግቷል። በሞተ ስልክ ግን ማን ይደውላል?

እዚያ ያሉት ወገኖቻችን የድርሻቸውን ሠርተዋል። ስልክ ቻርጅ የሚደረግበትንና መረጃ የሚፈለግበትን የመረጃ ማዕከል ኔትወርክ በሚይዘው ኮረብታ ላይ፣ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ አቁመውታል። ድንጋዩ በአህያ ተጓጓዘ፤ ግድግዳው በደቦ ተነሣ፤ እናቶች ለሠራተኛው ዳቦና ጠላ ተሸክመው ወጡ። በቅርቡ ሄጄ ሳየው ቆርቆሮው ተመትቶ መስኮቱ ተገጥሟል። ውስጡ ግን ጨለማ ነው። ለማብሪያ ማጥፊያ ተብሎ በተተወው ቀዳዳ ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች።

አሁን የሚያስፈልገን ሶላር ነው፦ አራት ባለ 400 ዋት ፓነሎች፣ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪና የባትሪውን ኃይል ላፕቶፕና ማተሚያ ወደሚሠሩበት ኃይል የሚቀይር ኢንቨርተር። አራት ላፕቶፕ፣ አንድ ማተሚያ፣ መብራቱና የመንደሩ ስልኮች በአንድ ላይ ሲሰሉ በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃሉ። ለዚህ በበጋ ሁለት ፓነል ይበቃ ነበር። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጉሙ ከተራራው አይነሣም፤ ለበጋ ብቻ ብንለካው ገበሬው አብዝቶ በሚጠይቅበት በዘር ወቅት ቤቱ ይጨልማል። ባትሪውም ርካሹ የሊድ አሲድ ይሁን ያሉ ነበሩ፤ እኔ አጥብቄ ተቃውሜያለሁ። እሱ በየቀኑ እስኪሟጠጥ ከተሠራበት ብዙ ሳይቆይ ይሞታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ እንደገና በራችሁን ልናንኳኳ ነው። ስልክ ቻርጅ ከሚያደርገው ሰው የሚሰበሰበው ሳንቲምም ለመለዋወጫ እንዲቀመጥ ተስማምተናል።

ስለዚህ የቻላችሁ ገንዘብ አዋጡ። በቁም ሣጥን ውስጥ አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ያላችሁም አምጡልን፤ እኛ እናስጠግነዋለን። መርካቶ የሶላር ዕቃ የምትነግዱ ወንድሞችና እኅቶች ደግሞ ዋጋው ላይ አስቡልን። መዋጮው የሚገባው በማኅበራችን ስም በተከፈተና በሦስት ሰው ፊርማ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ነው። ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ በተለመደው የስብሰባ ቦታችን፣ ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይዘው ይጠብቋችኋል። ከሦስት ሻጮች የሰበሰብነውን የዋጋ ማቅረቢያም እዚያው ታያላችሁ፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ድምሩን እዚህ አልጻፍነውም።

ዕቃውን የሚጭነው አይሱዙ ከሰኔ አጋማሽ በፊት ከአዲስ አበባ መነሣት አለበት። ከዚያ ወዲያ ወንዙ ይሞላል፤ መኪናም እስከ መስከረም አያሻግርም።