«ከቀስቃሹ ራቁ» ለሚለው ምክር የተሰጠ አስተያየት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በጤና ገጻችሁ ስለ ፓኒክ አታክ፣ ማለትም በድንገት ስለሚነሳ ከባድ የፍርሃት ስሜት፣ ያወጣችሁትን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጉዳዩን ማንሳታችሁ ደግ አደረጋችሁ። «ምን እንደሚቀሰቅስባችሁ ለዩና ከዚያ ራቁ» የምትለዋ ምክር ግን አንድ እግሯ ብቻ ነው ደህና። የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ፤ ፓኒክም ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል። ነገሩን ከባንኮኒው ወዲያም ወዲህም ሆኜ አይቼዋለሁና ጥቂት ልበል።

ብዙ ሰው ቀስቃሹን የሚፈልገው ቦታው ላይ ነው። ሊፍት ውስጥ ከተነሳበት ሊፍቱን፣ ስብሰባ ላይ ከተነሳበት ስብሰባውን ይወነጅላል። እኔ በምይዘው ማስታወሻ ላይ ቦታው የሚጻፈው መጨረሻ ነው። ሌሊቱን ስንት ሰዓት ተኛሁ? ቡና መቼ ጠጣሁ፣ ስንት ሲኒ? ምሳ ዘልያለሁ? ከሰው ጋር ተጋጭቼ ነበር? ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ መጀመሪያ ሰውነቴ ላይ ምን ተሰማኝ፣ ወዲያውስ ምን ብዬ አሰብኩ? የተነሳብኝን ቀናት ጎን ለጎን ሳስተያያቸው በቦታ አይገናኙም። በሌላ ግን ይገናኛሉ፦ እንቅልፍ ያጣሁበት ሌሊት፣ በባዶ ሆድ የተጠጣ ቡና፣ ከዚያ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ማለት ስትጀምር «መጣ!» የምላት ነገር። ሊፍቱ የለበትም።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዴቪድ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1986 ያቀረበው ማብራሪያም እዚሁ ላይ ያርፋል። የልብ ምቱን «ልቤ ሊቆም ነው»፣ ማዞሩን «ራሴን ስቼ ልወድቅ ነው» ብለን ስንተረጉመው ፍርሃቱ ምልክቱን ያባብሰዋል፤ ምልክቱ ደግሞ መልሶ ፍርሃቱን። ትንፋሽ ሲፋጠን በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣትና ከንፈር የሚደነዝዘው፣ ራስ የሚዞረው ከዚሁ የተነሳ ነው። ሰውየው ግን ይህን ጊዜ ኑዛዜውን እያሰበ ነው።

እናንተ ያልነካችሁት አንድ ነገር በየቀኑ ባንኮኒዬ ላይ ያልፋል። አንዲት ደንበኛዬ «ሰሞኑን ያለ ምክንያት ልቤ ይደልቃል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል» ብላኝ ቦርሳዋን ስትከፍት፣ ሱዶኢፌድሪን ያለበት የጉንፋን እንክብልና ካፌይን ያለበት የራስ ምታት ኪኒን አብረው ተቀምጠዋል። ሁለቱም ልብን ያፈጥናሉ፤ እሷ ደግሞ በላያቸው ላይ ቡናዋን ትጠጣለች። በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞልም እንዲሁ ያንቀጠቅጣል። ያንን ሐኪም ሳያማክሩ ማቆም ግን አይገባም። የመጠጥ ማግስትም አለ፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ የጭንቀት ማስታገሻን በድንገት ማቋረጥም አለ። ሰው ስለነዚህ የሚጠይቀኝ ከስንት አንድ ነው።

አሁን ወደ «ራቁ» ልመለስ። ቡና መቀነስ፣ እንቅልፍ ማስተካከል ጥሩ፤ እሱን እኔም አደርገዋለሁ። ሊፍቱን፣ አውቶቡሱን፣ ሰው የበዛበትን አዳራሽ መሸሽ ግን ለዕለቱ እፎይ ያሰኝና ፍርሃቱን ያጸናዋል። የሚሸሸው ቦታ እየበዛ ሄዶ ከቤት መውጣት የሚያቅተው ሰው አለ፤ ሐኪሞች አጎራፎቢያ የሚሉት ነው። ሕክምናው እንዲያውም ተቃራኒውን ያስደርጋል፦ የሚፈራውን ስሜት ሆን ብሎ መቀስቀስ። ሐኪሜ የሚሽከረከር ወንበር ላይ አስቀምጣ ታዞረኛለች። ስቆም ግድግዳው መዞሩን ሳይተው፣ ምራቄ አፌን ሞልቶት፣ ጠረጴዛውን ሙጭጭ አድርጌ ይዤ «ፍርሃቱ ከመቶ ስንት ነው?» ትለኛለች። «ሰማኒያ» እላለሁ። «እንደገና» ትላለች። በቀጭን መምጠጫ ብቻ መተንፈስም፣ ባሉበት ቆሞ መሮጥም አለ። እየተደጋገመ ሲሄድ ማዞሩ ማዞር ብቻ ይሆናል። ለብቻ የሚሞከር አይደለም፤ በተለይ የልብ ሕመም፣ አስም ወይም የሚጥል በሽታ ላለበት።

ቀስቃሽ የማይገኝለትም አለ። ከድብን እንቅልፍ ቀስቅሶ የሚያስነሳ ዓይነት አለ፤ ለእሱ ምክንያት ሲፈልጉ ማደር ሌላ ጣጣ ነው። ማስታወሻውም ልክ ሊያልፍ ይችላል። ቀኑን ሙሉ እጁን አንጓው ላይ ጭኖ ምቱን የሚቆጥር ሰው፣ መቆጠሩ ራሱ ይቀሰቅስበታል። እኔ የምጽፈው ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው እትም ቦታ ካላችሁ ይህን ጨምሩልን፦ ደረቱን ያመመው ወይም ይህ ስሜት ለመጀመሪያ ጊዜ የገጠመው ሰው «ፓኒክ ነው» ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ። የልብ ምት መዛባት፣ የታይሮይድ እጢ ከልክ በላይ መሥራትና የደም ስኳር መውረድ ከፓኒክ ጋር በቀላሉ ይምታታሉ። መጀመሪያ ይመርመር፤ የማስታወሻው ደብተር ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ