ጾማችን እስከ ሚዛናችን ይድረስ

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፦

በዓል ሲቃረብ ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከቀይ አፈር ጋር ተቀላቅሎ ተያዘ የሚል ዜና መስማት ለምደናል። የሚያስጨንቀኝም ይኸው መልመዳችን ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት፣ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ካቶሊኩም ተደምሮ፣ ከአገራችን ሕዝብ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆነው ክርስቲያን ነው። እንግዲህ ከቀላቃዮቹ መካከል ማለዳ ኪዳን አድርሶ ወይም እሑድ ዘምሮ ወደ ሱቁ የሚገባ የለም ማለት አንችልም።

55 ቀን ከሥጋና ከወተት የራቀ ወገኔ ሚዛኑን ሳያስተካክል ጾሙን በምን ኅሊና ይፈታል? ምሳሌ 11፥1 ሐሰተኛ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ መሆኑን ይናገራል። ያዕቆብ 5፥4 ደግሞ የተቀማ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽ ያስጠነቅቃል። የቤት ሠራተኛውን ደመወዝ ከወር ወር እያሳደረ ለሕንፃ ማሠሪያ ብዙ ሺህ ብር ቃል የሚገባ ምእመን ይህን ክፍል ደጋግሞ ሊያነበው ይገባል።

ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ በተቀበለ ዕለት፣ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ አድርጎ ሊመልስ ቃል ገባ (ሉቃስ 19፥8)። በየአጥቢያችን ስለ አሥራትና ስለ መባ በትጋት እንማራለን፤ የወሰድነውን ስለ መመለስ ግን እምብዛም አንሰማም። የንስሐ አባቶቻችንና ሰባኪዎቻችን፣ እባካችሁ ስጦታችንን ከመቀበላችሁ በፊት ከየት እንዳመጣነው ጠይቁን። ከስግደቱም ጋር፣ የበደልነውን ሰው ፈልገን ገንዘቡን እንድንመልስ እዘዙን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ