ለብሮድባንድ (ፈጣን ኢንተርኔት) ፖሊሲው ማሻሻያ የምናቀርበው አስተያየት፦ ለአባላት

ውድ አባላት፣

በአስተያየታችን ፊት የምናስቀምጠው የፍጥነት ዋስትናን ነው። ውሉ የሚጠቅሰው ከፍተኛውን ፍጥነት ብቻ ከሆነ፣ ደንበኛው መስመሩ ሲንቀራፈፍበት የሚከራከርበት ነገር የለውም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ የቋሚ መስመር አቅራቢዎች ዝቅተኛውን፣ በመደበኛ ጊዜ የሚገኘውንና ከፍተኛውን ፍጥነት ለይተው በውሉ ላይ እንዲያሰፍሩ አስገድዷል። እኛም ከዚህ ያነሰ መጠየቅ የለብንም።

ጥያቄው እንዲሰማ ግን ከየቤታችሁ ለክታችሁ የምትልኩልን የፍጥነት ማስረጃ የማያሻማ መሆን አለበት። በዋይፋይ የተለካ ውጤት በቀላሉ ውድቅ ይደረጋል፤ ግድግዳውም ሆነ የጎረቤት ራውተር ፍጥነቱን ሊቀንሰው ስለሚችል መከራከሪያው ተገቢ ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኙ፤ ቪፒኤን (ግንኙነቱን በሌላ ሰርቨር በኩል የሚያዞር ፕሮግራም) ዝጉ፤ ሌሎች ስልኮችንና ቴሌቪዥኖችን ከመስመሩ አውጡ። የኬብሉንና የፖርቱን (ኬብሉ የሚሰካበትን ቀዳዳ) አቅም ሳታረጋግጡ አትጀምሩ፦ 100 ሜጋቢት ላይ የሚቆም ፖርት 200 ሜጋቢት የከፈላችሁበትን መስመር በሐሰት ያስወቅሳል።

ለአንድ ሳምንት በየቀኑ ማለዳና ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ለኩ። የማውረጃና የመጫኛ ፍጥነት፣ መዘግየት (መልስ እስኪመጣ የሚወስደው ጊዜ) በሚሊሰከንድ፣ የጠፉ ፓኬቶች (መረጃው ተከፋፍሎ የሚላክባቸው ቁርጥራጮች) በመቶኛ፤ አራቱም በሠንጠረዥ ይመዝገቡ። ማለዳ ደህና ሆኖ ማታ የሚወርድ ከሆነ አቅራቢው ከአቅሙ በላይ ደንበኛ በአንድ መስመር ላይ አጭቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ቀኑን ሙሉ ዝቅ ያለ ከሆነ ግን መጀመሪያ የመስመር ብልሽት ይጣራ።

ሠንጠረዡን ከውሉ ፎቶ ጋር ላኩልን፤ ስምና የደንበኛ ቁጥር ይሸፈን።