ጠላው አልፈላ ሲል እጃችሁ ወደ ስኳር አይሂድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ገናና ጥምቀት ሲቃረቡ ባሕር ዳር ውስጥ በየግቢው አንድ ዓይነት ሮሮ ይሰማል፤ «ጥንስሱ አልነሳ አለኝ»፣ «ድፍድፉ ዝም ብሎ ተኛ» ይባላል። (ጥንስስ ጌሾና ብቅል በውሃ የገቡበት መነሻ ነው፤ ድፍድፍ ደግሞ እንኩሮ፣ ማለትም ተለውሶ ምጣድ ላይ የተቆላ ዱቄት፣ የተጨመረበት ጥንስስ ነው።) ከዚያ በኋላ የሚሆነውም የታወቀ ነው። አንዷ ስኳር ትጨምራለች፣ ሌላዋ ጌሾ ትደግማለች፣ ሌላዋ ደግሞ በየሰዓቱ እየከፈተች ታማስላለች። ብዙ እህል፣ ብዙ እንጨትና ብዙ ድካም የወጣበት ጠላ የሚበላሸው በዘገየበት ሳይሆን በዚህ ጥድፊያ ነው። ጠላን የሚያፈላው እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ፣ ምን እንደያዘው ሳይታወቅ የሚጨመርለት ሁሉ አይጠቅመውም። ይህችን ደብዳቤ ከበዓሉ በፊት ብታወጡልን ብዙ ድፍድፍ ከመደፋት ይተርፋል ብለን እናምናለን።

በዚህ ወቅት ቀዳሚው ምክንያት ብርድ ነው። የጠላ እርሾ ከ20 እስከ 28 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደህና ይሠራል፤ ከ15 በታች ሲሆን ያንቀላፋል። ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ቀኑ ቢሞቅም ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ። የሚጠመቅበት ዕቃም ለውጥ ያመጣል። መቶ ሊትር የሚይዝ ጋን ከፍላቱ የሚወጣውን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ሲሚንቶ ላይ የተቀመጠ የ20 ሊትር ጀሪካን ግን እስኪነጋ ድረስ እንደ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከሥሩ ጭድ ወይም ታጥፎ የተደራረበ ጆንያ አንጥፉለት፣ ዙሪያውን በብርድ ልብስ ጠቅልሉት፣ ከምድጃው አንድ ክንድ ያህል አርቃችሁ አስቀምጡት። ምድጃው ላይ ማስጠጋት አይበጅም፤ በአንድ ጎኑ ተቀቅሎ በሌላው ጎኑ ይበርዳል።

የምትጠነስሱበት ውሃም ለብ ያለ ይሁን። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ሰው አንድ ጣሳ የፈላ ውሃ ከአራት ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ጋር ቢቀላቅል 35 ዲግሪ አካባቢ ያገኛል። ጌሾና ብቅሉ ሲገቡበት ደግሞ ትንሽ ይወርዳል፤ ለእርሾው የሚመቸው ይሄ ነው።

ብርድ ይሁን ሌላ ነገር ለማወቅ ቀላል መፈተኛ አለ። ከጥንስሱ ግማሽ ሊትር ቀድታችሁ ባለ አንድ ሊትር ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ጨምሩ፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳር በጥብጡበት። አፉ ላይ ፊኛ ወይም ስስ ፌስታል አጥብቃችሁ እሰሩና ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። በስድስት ሰዓት ውስጥ ፊኛው ከተነፋ እርሾው በሕይወት አለ፤ ጋኑ ውስጥ የቸገረው ወይ ብርድ ወይ የብቅል ድካም ነው። እስከ ማግስቱ ጠብቃችሁም ፊኛው እንደተንጠለጠለ ከቀረ እርሾው ሞቷል። ስኳር ቦታው እንዲህ ያለ ትንሽ ዕቃ ውስጥ እንጂ ጋን ውስጥ አይደለም። ያንቀላፋ ጋን ውስጥ ስኳር ሲጨመር እዚያው ይቀመጥና ሙቀቱ ሲመለስ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነሳል፤ ጠላው ካሰቡት በላይ ይከብዳል፣ የተዘጋ ጀሪካንም ይፈነዳል።

እርሾን የሚገድለው በአብዛኛው ትኩስ እንኩሮ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ያም ሆኖ በየበዓሉ ይደገማል። እንኩሮው ከምጣድ ወርዶ ሰፌድ ላይ ሲሰጣ ላይ ላዩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ እጅም ሲነካው የበረደ ይመስላል። ዕንቁላል የሚያክለውን ጓል ግን ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ ገና እንፋሎት ያወጣል። እንዲህ ያሉ ጓሎች ተሰብስበው ጥንስስ ውስጥ ሲገቡ የገቡበትን ያቃጥላሉ፤ እርሾ ደግሞ 50 ዲግሪ አካባቢ አይተርፍም። እያንዳንዱን ጓል ፈርፍሩ፣ በስሱ አስጡ፣ ማታ የተቆላውን ጠዋት ጨምሩ።

ሁለተኛው ገዳይ ክሎሪን ነው። የቧንቧ ውሃ አፉ ሰፊ በሆነ ዕቃ ተከፍቶ አንድ ሌሊት ይደር፤ ከቸኮላችሁ ሩብ ሰዓት አፍልታችሁ አብርዱት። ከዚህ የሚብሰው በረኪና ነው። ጀሪካን በበረኪና አጥቦ አንዴ ብቻ ማለቅለቅ የቀረው ሽታ ጥንስሱን እንዲፈጀው መተው ነው። ለጠላ ዕቃ በግራዋ ፈትጎ፣ በብዙ ውሃ አለቅልቆ፣ በወይራ ወይም በጥንጁት ማጠን በቂ ነው።

ፊኛው ተነፍቶ፣ ቤቱም ሞቆ፣ ድፍድፉ ግን አሁንም ካልተንቀሳቀሰ ብቅሉን ጠርጥሩ። የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ብቅል ነው፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን እንዳለ አይበላም። በፀሐይ የደረቀ ብቅል ጉልበቱን ይዞ ይቆያል፤ ምጣድ ላይ የተቆላ፣ የሻገተ ወይም ነቀዝ የበላው ግን መልኩ ብቅል ይሁን እንጂ አይሠራም። ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ኩባያ ቀጠን ያለ ገንፎ አገንፉ፤ ጣት ሲነከርበት ወዲያው የሚያስወጣ ሙቀት ላይ ሲደርስ አንድ የሾርባ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ጨምራችሁ አማስሉና ክደኑት። ብቅሉ ጥሩ ከሆነ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ገንፎው እንደ አጥሚት ይቀጥናል፤ ስትቀምሱትም ይጣፍጣል። እንደ ገነፋ ከቀረ ያን ብቅል ለጠላ አትመኑት፤ ሌላ ገዝታችሁ ግማሽ ኪሎ ያህል ድፍድፉ ላይ ነስንሱበት። ለመነሻ የሚሆን መጠን፣ ለ20 ሊትር ጠላ ግማሽ ኪሎ የጌሾ ዱቄት፣ አንድ ኪሎ ብቅልና የአምስት ኪሎ ዱቄት እንኩሮ ይበቃል፤ ዱቄቱ ዳጉሳ ወይም በቆሎ ቢሆን ልዩነት የለውም።

ጌሾ መደጋገም አያስፈልግም። ከዘጌ የሚመጣውም ሆነ ሌላው ጌሾ ምሬቱን ይሰጣል፣ የሚያበላሹ ተሕዋስያንን ይገታል፤ ቅጠሉና እንጨቱ ላይ ያለው እርሾም ጥንስሱን ያስጀምራል። ከጀመረ በኋላ የሚጨመረው ጌሾ የሚያበዛው ምሬቱን ነው። ጌሾውን ቀቅለው የሚጠነስሱም አሉ፤ እነሱ እርሾውን አብረው ስለሚቀቅሉት ሌላ ማስጀመሪያ ሊያዘጋጁ ይገባል።

ለሞተ ጥንስስ የምንመርጠው ማስጀመሪያ ጎረቤት ቤት ነው። ሰሞኑን ደህና ከወጣ ጠላ ሥር ግማሽ ሊትር ትኩስ አተላ ለምናችሁ አምጡ፤ ያልኮመጠጠ ይሁን። የሞተውን ለብ አድርጋችሁ አተላውን አፍሱበት፣ አንዴ ደህና አድርጋችሁ አማስሉ። እርሾው መጀመሪያ ላይ አየር ይፈልጋል። ከዚያ ክደኑና ተዉት፤ በየጊዜው የሚከፈት ጋን ወደ ኮምጣጤ ያዘነብላል። አተላ ካልተገኘ አንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅ የዳቦ እርሾ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃና በቁንጥር ስኳር በጥብጡ፤ ሩብ ሰዓት ቆይቶ አረፋ ካወጣ ለ20 ሊትር ይበቃል። ያደርሳል፤ ጣዕሙ ግን የአተላውን ያህል አይሆንም።

አንዳንዴም ዘገየ የተባለው ጠላ አልቆ የተቀመጠ ነው። ላይ የተንሳፈፈው እንኩሮ ወደ ሥር ከወረደ፣ ሲቀመስ ጣፋጭነቱ ጠፍቶ ሰላ ካለ ደርሷል፤ አጥልሉት። ገና የሚጣፍጥ ከሆነ መንገድ ላይ የቆመ ነውና ወደ ብርድ ልብሱ ይመለስ። ሲጣፍጥ የጀሪካኑን ክዳን አጥብቆ መዝጋት አደገኛ ነው፤ እንኩሮው እስኪወርድ ድረስ ግማሽ ዙር ላላ አድርጉት።

በዚህ ብርድ ለጥንስሱ አራት ቀን፣ ለድፍድፉ አራት ቀን፣ በውሃ ከቀጠነ በኋላ ስምንት ቀን ያዙለት። ለጥር 11 የሚደርሰው ከታኅሣሥ 25 ባያልፍ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
ከባሕር ዳር ጠላ ጠማቂ አንባቢዎቻችሁ