ኤፍፒጂኤ የሚፈጥነው በክሎኩ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ኤፍፒጂኤ (ከተመረተ በኋላ የውስጥ ሰርኪዩቱ እንደ ሥራው ሊዋቀር የሚችል ቺፕ) የወጣው ጽሑፍ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ቺፑ ብዙ ዳታ የሚያስተናግደው ክሎኩ (የሥራውን ምት የሚሰጠው ሲግናል) ከፕሮሰሰር ክሎክ ስለሚፈጥን ነው መባሉ ጀማሪዎችን ያሳስታል፤ ይታረም እንላለን።

የፕሮሰሰር ክሎክ ዛሬ ከ3 ጊጋኸርዝ ያልፋል፤ የኤፍፒጂኤ ዲዛይን ግን ብዙውን ጊዜ በጥቂት መቶ ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው። ብልጫው ሁሉም ክፍል በእያንዳንዱ ምት አብሮ መሥራቱ ነው። በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያስተላልፈውን የኢተርኔት ኔትወርክ መስመር እንይ። በየምቱ የሚገባው 64 ቢት በ156.25 ሜጋኸርዝ ሲባዛ ልክ 10 ጊጋቢት በሰከንድ ይሆናል፤ አንዱ ምት 6.4 ናኖሰከንድ ነው። ትንሹ ፓኬት (የዳታ ጥቅል) ከፊቱ ከሚላከው የማስጀመሪያ ምልክት (ፕሪአምብል) እና በፓኬቶች መካከል ካለው ክፍተት ጋር 84 ባይት ስለሚይዝ በሰከንድ እስከ 14.88 ሚሊዮን ፓኬት ሊመጣ ይችላል። ለአንዱ የሚደርሰው አሥር ምት ተኩል ብቻ ነው። አንዱን ፓኬት በ20 ምት ጨርሶ ሌላውን የሚቀበል ዲዛይን ግማሽ ያህሉን ይጥላል። በፓይፕላይን (ሥራው በተከታታይ ደረጃዎች ተከፍሎ) ከተሠራና በየምቱ አዲስ ዳታ ከተቀበለ ግን የ20 ምት መዘግየት አይጎዳውም።

አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ስሌቱ ላይ ሳይሆን በዲዛይኑ ክፍሎች መካከል ባለው የዳታ ርክክብ ላይ ነው። በአክሲ ስትሪም (ክፍሎች ዳታ የሚቀባበሉበት ደንብ) ላኪው «ቫሊድ»ን (ዳታ አለኝ)፣ ተቀባዩ «ሬዲ»ን (ለመቀበል ዝግጁ ነኝ) ያነሳል፤ ዳታው የሚያልፈው ሁለቱም በአንድ የክሎክ ጠርዝ 1 ሲሆኑ ነው። ላኪው ቫሊድን ለማንሳት ሬዲን መጠበቅ የለበትም፤ ተቀባዩም ቫሊድን የሚጠብቅ ከሆነ ሁለቱም ተፋጠው ይቀራሉ። ቫሊድ አንዴ ከተነሳ ዳታው እስኪወሰድ አይለወጥም። ቴስትቤንቹ (ዲዛይኑን በኮምፒውተር የሚፈትነው ኮድ) ሬዲን ሁልጊዜ 1 ካደረገው እነዚህ ስህተቶች በሲሙሌሽን ይደበቁና ቦርዱ ላይ ይወጣሉ። ስለዚህ ቫሊድንም ሬዲንም በዘፈቀደ እያወረዱ እያነሱ መፈተን የግድ ነው።

ሬዲ በረጅም ፓይፕላይን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ምት እንዲመለስ ከተደረገ ሲግናሉ በጊዜው ስለማይደርስ ታይሚንጉ አይሟላም። መሃል ላይ ሬጂስተር (ዋጋን እስከ ቀጣዩ ምት የሚይዝ ማከማቻ) ይግባበት፤ ግን ላኪው «ቁም» መባሉን አንድ ምት ዘግይቶ ስለሚሰማ፣ በዚያች ምት የሚመጣውን ዳታ የሚያቆይ ሁለተኛ ሬጂስተር ከሌለ ያ ዳታ ይጠፋል።

ከገመዱ የሚገባ ፓኬት ደግሞ ቁም ቢባልም አይቆምም። ዳታውን ከኤፍፒጂኤው የሚረከበው ኮምፒውተር ለ100 ማይክሮሰከንድ ቢዘገይ 125 ኪሎባይት ይጠራቀማል። ዛሬ የኤኤምዲ አካል በሆነው በኤፍፒጂኤ አምራቹ ዚሊንክስ ቺፖች ባለ 36 ኪሎቢት ብሎክ ራም (በቺፑ ውስጥ ያለ ማከማቻ) በ64 ቢት ስፋት 512 መስመር ስለሚይዝ፣ ለዚህ ብቻ 31 ብሎክ ይጠይቃል። ፊፎው (ቀድሞ የገባው ቀድሞ የሚወጣበት ይህ መጠባበቂያ) ሲሞላ መጣል ያለበት ሙሉ ፓኬት ነው፤ ግማሹ ከተቆረጠ የፓኬቱ መጨረሻ ምልክት ይጠፋና ቀጣዩም አብሮ ይበላሻል። የተጣለውን የሚቆጥር ሬጂስተርም ከመጀመሪያው ይግባ፤ ያለ እሱ ዳታው የት እንደጠፋ ለማወቅ ብዙ ሳምንት ይባክናል።

ከአክብሮት ጋር
በዘርፉ የምንሠራ መሐንዲሶች